የእብሬ በር

ከቧንቧ ውሃ በላይ፣ ከጦሳ እግር ሥር፣
ደሴን ጉም ሲውጣት ቀድማ የምትሰወር፣
አንዲት ቤት አለችን፣ በሯ የጎበጠ፣
ከግርጌው ሁለት ጣት ለንፋስ የሰጠ።
ሃያ ሁለት ክረምት እናቴ በጨርቅ
ሽንቁሩን ስትወትፍ፣ አባቴ ሲስቅ፣
«ነገ አቀናዋለሁ፣ አስካል፣ አትቸኩይ» —
ነገ የሌላ ሰው ነው፣ ነገ ሌላ ጉዳይ፤
የጎረቤት ጣሪያ፣ የመስጊዱ አጥር፣
የቅሬው ድንኳን ነው፣ ስፌቱ ሲተረተር።

ቆጣሪ አንባቢ ነበር፣ የውሃ፣ በየደጁ፤
እርሳስ ከጆሮው ላይ፣ ደብተር ከእጁ።
ቁጥሩ ካለፈው ወር ፈቀቅ ካላለ
«እዚህ ቤት» ይል ነበር «የታመመ አለ።»
ሒሳቡን ይተውና በሩን ያንኳኳል፣
አልጋ የያዘች ባልቴት ቢያገኝ ባልዲ ይሞላል፣
ከሰል ያያይዛል፣ ኪኒን ገዝቶ ይመጣል።
ማታ ቤት ሲገባ፣ ደመወዙ ጎድሎ፣
«ቆጣሪው ሮጠብኝ» ይላታል ደልሎ።
ታኮርፋለች፤ ዞራ ጀርባዋን ትሰጣለች፤
ትከሻዋን አየሁ፤
እየሳቀች።

አልዋሽም፣ እቀና ነበር፤
መንደሩ አባቴን እንደ ምሳር ሲዋስ፣
መስኮት ላይ እንቅልፍ ይጥለኝ ነበር እስኪመለስ።
ግን ውርጭ በወደቀ ጠዋት
ካልሲዬን በብብቱ አሙቆ የሚያጠልቅልኝ እሱ፣
እናቴ ስትታመም ሹሩባ የተማረ እሱ —
መስመሩ እንደ ሐረጎ ቁልቁለት እየተጠማዘዘ፤
ልጆች ሳቁብኝ፤ ሳልፈታው ሳምንት ያዘ።
በእሷ ሁዳዴ እሱ ወተት አይቀምስም፣
በእሱ ረመዳን እሷ ቀን አትጎርስም፤
ማን ለማን እንደጾመ እኔ አሁንም አላውቅም።

ያ ሌሊት ሐምሌ ነው፤ ዝናብ ከበረዶ፣
መብራቱ ጠፍቷል፣ መንገዱ ተንዶ፣
ዘይኔን ምጥ ይዟታል ከአቀበቱ ጫፍ፣
መኪና አይወጣ፣ በቅሎም አያልፍ።
ቃሬዛስ ነበረ፣ የቅሬው፣ ከጓዳ፤
እሱ ግን «አይሆንም፤ ተሸክማ እንግዳ
በሙት ማውጫ ላይ አላስተኛትም» አለ።
መዶሻ አነሳ።
በራችን ተነቀለ።

ሰባት ዓመቴ ነው፤ ጋቢ ተከናንቤ
አፉን ከከፈተው ቤት ውስጥ ቆሜ አየሁ፤
አራት ሆነው ወረዱ፣ በሩ አዘንብሎ
በአባቴ ማዕዘን፤
አጭር ነው፤ ቁመቱን በእግር ጣቱ ቀጥሎ።
ሆስፒታል ሳይደርሱ፣ ከድልድዩ ማዶ፣
ጨለማው አለቀሰ፣ ሕፃን ተወልዶ።
ስሙን «በሩ» አሉት።
አንዱ በሩ ቀንቶ ሲያድግ በየዓመቱ፣
የእኛው በር ጎብጦ ቀረ፣ ዝናብ ጠጥቶ እንጨቱ።

በጥቅምት፣ ከሱብሒ በፊት፣ እብሬ አልነቃ አለ።
ያን ቀን የእኛ ቤት ቆጣሪ አልቆመም፤
ለለቀስተኛው ውሃ ሲቀዳ ዋለ፤
ሮጠ፤ «ሮጠብኝ» የሚል ግን ከቤት የለ።
ቃሬዛው ቀጥ ብሎ ወጣ፤ ማዕዘኑ አላዘነበለ፤
አጭሩ ተሸካሚ
ዛሬ ከላይ ነው ያለ።

ከሰደቃው ማግስት በሩ መጣ፣ አናጢው፤
መላጊያና ብሎን በጆንያ ይዞ
ቆመ፣ በሩ ከበሩ ፊት፣ አቀርቅሮ።
እናቴ ጨርቁን ከሽንቁሩ ስባ፣
እጥፍ እጥፍ አድርጋ ጭኗ ላይ አኖረች።
«አቅናው፣ ልጄ» አለች፣ «ብርዱ ጠና ዘንድሮ።
ማጠፊያውን ግን ተው፣ አይጥበቅ ተቸንክሮ፤
ሐምሌም ይመለሳል፣ መንገድም ይናዳል፤
በቶሎ ይነቀል፤
የሚፈልገው ይመጣል።»