የመርፌ ቀዳዳ ያህል

ከፒያሳ ወረድ ብሎ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ፣
ደረጃው የሚያቃስት፣ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባ፣
አንድ ጠረጴዛ የያዘች ጠባብ ክፍል አለች፤
ፎቅ ዙሪያዋን ሲበቅል እንዲያው የተረሳች።

ጋሽ ሽብሩ እዚያ ነው፣ ማጉያ ባንድ ዐይኑ፤
ሌላው ዐይኑ ለእንግዳ፣ ለወሬ፣ ለቀኑ።
የአባቴን ዞርኪ ካሜራ ከቦርሳ አወጣሁ፤
«አይሠራም» ብዬ አቆምኩ፤ የቀረውን ፈራሁ።

ብሎኖቹን ፈትቶ፣ እየቆጠረ፣
በቢራ ቆርኪ ላይ በተራ ደረደረ።
ከሆዱ የወጣው ጥቁር ጨርቅ ነበር፣
ጎማ የለበሰ ሐር፣ ከዐይን ቆብ የማይወፍር።

«መጋረጃ ነው» አለ፣ «ሁለት ናቸው እነሱ፤
አንዱ ሲሮጥ አንዱ ይከተላል፣ ሳይደራረሱ።
በመሃል ያለችው ክፍተት ናት ፎቶ የምትባል፤
ሌላው ሁሉ ጨለማ ነው። ጨለማም ያረጃል።»

ጨርቁን ወጥሮ ያዘው፣ በመስኮቱ በኩል፤
ሦስት የብርሃን ነጥብ፣ የመርፌ ቀዳዳ ያህል።
«እርጅና ነው?» አልኩት፣ መልሱን እያወቅኩት።
«እርጅና ይሰነጥቃል። ይቺ የፀሐይ ጥርስ ናት።
ያለ ክዳን፣ መስኮት ላይ፣ ማን ነው የተዋት?»

ስምንት ዓመቴ ነበር፤ አልረሳውም ቀኑን፣
ልይዛት ብዬ ነበር በካሜራ ፀሐይን።
ክዳኑን አወለቅኩ፣ ወደሷ አዞርኩትና፣
ምሳ ሲጠሩኝ ሮጥኩ፤ እዚያው ቀረ እንደቀና።

ከዚያ ወዲህ አባቴ ምን ቢያነሳ፣ ምን ቢያጥብ፣
በሙሽራዋ ግንባር ላይ ነጭ ነጠብጣብ፤
በቄሱ ጥምጣም ላይ፣ በልደት ኬክ ላይም፣
ያቺው ሦስት ጠብታ፣ ቦታዋን አትለቅም።

ፊልሙን ረገመ፤ ወረቀቱን፤ ማጠቢያ ውሃውን፤
በመጨረሻም፣ ቀስ ብሎ፣ የገዛ ዐይኑን።
ካሜራውን በፎጣ ጠቅልሎ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀለ፤
ለሠርግ ሲጠሩት «ሌላ ሰው ፈልጉ» አለ።

እኔ ዝም አልኩ።

ይሄን ሁሉ ለጋሽ ሽብሩ ነገርኩት ይሆን? እንጃ፤
እሱ በምላጭ ይቆርጣል አዲሱን መጋረጃ።
«ጃንጥላ ሞክሬ ነበር፤ ይወፍራል» አለኝ፤
በጠብታ ማስቲሽ እየለጠፈ፣ «ትንፋሽሽን ያዢልኝ።»

ማስቲሹ እስኪደርቅ ከታች የታክሲ ረዳት ይጣራል፤
«አራት ኪሎ፣ አራት ኪሎ!» በር እየደበደበ ይርቃል።

ሞላውን አጠበቀ። ቁልፉን ሲጫነው ጠቅ አለ፣
ሰው በምላሱ «አይ» እንደሚለው ያለ።

አሮጌዋን ጨርቅ ሊጥል ሲል፣ «እኔ ልውሰዳት»
ብዬ ወጣሁ፤ መንገድ ላይ ወደ ሰማይ ወጠርኳት።

ሦስት ፀሐይ ነበሩ።

አባቴ ቤት ነው፤ በረንዳው ላይ ይጠብቃል ምሳውን።
የቱን ልስጠው ቀድሜ? ካሜራውን? ጨርቁን?