አርባ ደቂቃ

ሆጤ መታጠፊያው ላይ፣ ከጋራዡ ጎን፣
ወንድሜ ሽኩር ጌም ቤት ነበረው፤ እኔ ሰዓት ጠባቂው ነበርኩ ያን ዘመን።
በአንድ ብር አሥር ደቂቃ።
የግድግዳ ሰዓት፣ ሃምሳ ሉክ ደብተር፣ ጫፉ የታኘከ እስክሪፕቶ፤
«ሰዓት አለቀ!» እላለሁ፤ አንዱ ልጅ ይነሳል ተቆጥቶ፣
አንዱ ይቀመጣል፣ ወንበሩ ሳይበርድ፣ ብሩን በመዳፉ አጣጥፎ።
የማን ኳስ መረብ ነካ፣ የማን መኪና ገደል ገባ፣
በጩኸቱ ነው የማውቀው፣ ጀርባዬን ሰጥቼ ሂሳብ ሳስገባ።
አንድም ቀን «ጦይባ፣ አንቺስ?» ያለኝ የለም፤
እኔም አልጠየቅኩ። ለሰዓት ጠባቂ ሰዓት አይሰጥም።

ኋላ ስልኩ መጣ፤ ልጆቹ ተበተኑ፤ ወንበሩ ተሸጠ።
ሽኩር ሴራሚክ ሊነግድ ኮምቦልቻ ወረደ፤
ጌሙ በማዳበሪያ ታስሮ አልጋ ሥር ተቀመጠ።

አሁን አራዳ፣ ከደረጃው ሥር፣ አንድ ክንድ ሱቅ አለችኝ፤
ስልክ እከፍታለሁ፣ ሬዲዮ እከፍታለሁ፤
«ሴት ልጅ?» ብሎ የሳቀ ሁሉ፣ ዕቃው ሲናገር መረቀኝ።
አምና ክረምት፣ ጉም ከጦሳ ወርዶ ደንበኛ ሲጋርድብኝ፣
ማዳበሪያውን ፈታሁት።

የዲስኩ ዓይን ታውሯል፤ ነቀልኩት።
የሞተ ላፕቶፕ ባትሪ ሰነጠቅኩ፦ ከስድስቱ ድንጋይ
አራቱ ሬሳ፣ ሁለቱ ገና ይተነፍሳሉ።
ስክሪኑ ከሚኒባስ ነው፣ ወደ ኋላ ሲሄድ የሚያሳየው፤
ሹፌሩ «አንገት አለኝ አይደል?» ብሎ ሸጠልኝ።
ድምፁ ከአባባ ሬዲዮ።
ቀፎው የልጅ ምሳ ዕቃ፣ ክዳኑ ላይ ግማሿ የተፋቀ ቀጭኔ።

ቦርዱ ግን ሰፊ ነው፤ ምሳ ዕቃው አልያዘውም።
መቁረጥ ነው። መጋዝ ይዤ ሁለት ቀን ዞርኩት፤
ፀጉር የምታህል መስመር ብስት
ያ ሁሉ ጎል፣ ያ ሁሉ ጩኸት፣ ጭጭ።
«ቢስሚላህ» ብዬ ቆረጥኩ።
ብናኙ አረንጓዴ፣ ጠረኑ የተቃጠለ ቀንድ።
ሠላሳ አራት ክር እንደ ሹሩባ ጎነጎንኩ፤
በየጫፉ አንዳንድ ጠብታ ስታኞ፣ ትንፋሼን ይዤ።

መጀመሪያ ጭስ።
ቀጥሎ ምንም።
በሦስተኛው ሌሊት በራ፤ ግን ሁሉም ግራና ቀኙን ስቷል፣
ፊደሉ ወደ ኋላ ይነበባል፣ በረኛው የራሱን ጎል ይሸሻል።
ለካ ስክሪኑ የኋላውን ማሳየት ነው የለመደው!
አንዲት ቀጭን ሽቦ በጠስኩለት፤ ፊቱን አዞረ።

ሲሠራ ይግላል። ይሁን፤ ለደሴ ብርድ እጅ ማሞቂያ ነው።
ባትሪው አርባ ደቂቃ ይሰጣል፤ ቢለምኑት አይጨምርም።
አርባ ደቂቃ ማለት ከመናኸሪያው እስከ ኮምቦልቻ ነው።

ኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። ሐረጎ ላይ፣ ቁልቁለቱ ሲጠማዘዝ፣
በሕይወቴ የመጀመሪያዬን መኪና ነዳሁ።
ሚኒባሱ ወደ ቀኝ ሲያጋድል እኔ ወደ ግራ፤
ሆዴ የትኛውን መንገድ እንደሚከተል ጠፋው።
አጠገቤ ያሉ ሽማግሌ አንገታቸውን አስግገው፣
«ኧረ ልጄ፣ ያንቺ ሹፌር ሦስቴ ገደል ገባ፤
ለኛው እንዳታሳዪብን!» አሉ።
ሚኒባሱ ሳቀ። ሹፌሩ ብቻ አልሳቀም።
ሃያ ደቂቃ ስትቀር አጠፋሁት።

ሽኩር የሴራሚክ ካርቶን ላይ ተቀምጦ ተቀበለኝ፤
ሸብቷል፣ ጥፍሩ ውስጥ ነጭ ሲሚንቶ አለ።
አዙሮ አዙሮ አየው፤ ቀጭኔዋን በአውራ ጣቱ ዳበሳት።
«ማን ሠራው?» ሳይለኝ ጣቶቹ ቀደሙት፤
አሥራ ስምንት ዓመት የት እንደነበሩ እንጃ፣
እያንዳንዷን ቁልፍ በቦታዋ አገኟት።
ደንበኛ ገባ፤ የሰላሳ በሰላሳውን ዋጋ ጠየቀ፤
እኔ መለስኩለት፣ ያልኩት ትክክል ይሁን አይሁን አላውቅም።

ዓይኔ ግን፣ ልማድ ሆኖበት፣ ግድግዳው ላይ ሰዓት ፈለገ።
ቀይዋ መብራት አንዴ ጠቀሰች። ደግማ ጠቀሰች።
«አንዲት ጎል ብቻ፣ ጦይቤ፣ በሞቴ!»
ያኔ ልጆቹ ሁሉ እንደሚሉት፣ ቃል በቃል፣ በዚያው ድምፅ።

«ሰዓት አለቀ» አልኩት፣ እጄን ዘርግቼ።
«ተነስ። ተረኛ አለ።»