ከታች ቤት

ኮዬ ፈጬ ማዶ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
ውሃ እንደ ሹመኛ፣ ሳምንት ቆይቶ ሲታይ፣
ጉተማ ቁጭ ብሎ፣ ጀምቤ ይጠግናል፤
የማሊውን እንጨት፣ የሰንዳፋ ፍየል ቆዳ ያለብሳል።

እጁ ከበሮ ያውቃል፤ ይሄ ግን እንግዳ ነው፤
በጣቱ ቢነካው፣ ሳለ እንደ ጉንፋናም ሰው።

ደገመ፣ ሠለሰ። ከሥር፣ ከታች ቤቱ፣
የእትዬ አስካለ፣ የመጥረጊያ እንጨቱ፣
ኮርኒሱን ደለቀው፦ ጓ! ጓ! ጓ! ዝም በል ነው ማለቱ።

ጉተማ አፈረ። እጁ ግን ቆጠረው፤
ሦስት ምት፣ ከዚያ ዕረፍት፤ ሳያስበው መለሰው።
ጓ፣ ጓ። ስድብ ይሁን ምላሽ፣ አልለየም ጆሮው።

በማግስቱ ዘነበ፤ ቆዳው ላላ፤ ጉተማ እጁን ጋቢው ውስጥ ቀበረ፤
ማታ፣ ልክ በሁለት ሰዓት፣ ከወለሉ በታች፣ መጥረጊያው ጀመረ።