ወንፊቱ በጀርባው

ድሬ ላይ በረዶ አየሁ፤ በጥላ ሠላሳ ስምንት፣
ከደቻቱ ማዶ፣ ከጅብሪል መጋዘን፣ ከማድረቂያው አንጀት፤
መዳብ ቧንቧው ላይ እንደ ባዘቶ ተጋግሮ፣
ጣቴን ባስነካው ያዘኝ፣ እንደ ቁልቢ የታኅሣሥ ሌሊት ቆንጥሮ።

ስልሳ ኩንታል ማሽላ ከቀርሳ ተጭኖ መጥቷል፤
በኅዳር፣ ሊታጨድ ሲል፣ ያለ ወጉ ዝናብ ጠግቧል።
ክንዴን እስከ ክርኔ ብሰደው በክምሩ ውስጥ
ይሞቃል፣ እንደ ወባ ግንባር፤ ሽታውም ከሰዓት ሰዓት የሚለወጥ።

«ጋዙ ነው» አለ ጅብሪል። ሁሉም ሰው ጋዙ ነው ይላል፤
ፍሪጅ የሰነፈበት ሁሉ ይህቺን አንድ ቃል ያውቃል።
«ሦስት ቀን ሆነን፤ ጎርፉ የጣለውን ምሰሶ መብራት ኃይል ካቆመው ወዲህ» አለኝ።
ሰማሁት። ግን አልሰማሁትም። ካቻቢቴዬ ነበር የታየኝ።

ሰማያዊውን ቱቦ ሰካሁ፣ ቀዩን ሰካሁ፤
የጌጁን መርፌ እንደ ሐኪም ጎንበስ ብዬ አየሁ።
ዝቅ ብላለች፣ ግን አልሞተችም።
ሳሙና በጥብጬ ከመጋጠሚያ መጋጠሚያ ቀባሁ፤
አንዲት አረፋ እንኳ አላበጠችም።
የካቻቢቴው እጀታ ጆሮዬ ላይ፣ ጫፉ ከኮምፕሬሰሩ ሆድ፤
ይመታል፣ ጤነኛ ልብ፣ ሳይቸኩል፣ ሳይከብድ።
ቴርሞስታቱን ፈታሁ፣ ገጠምኩ። የበሩን ጎማ ዳበስኩ።
የውሃ መውረጃውን በሽቦ ቆረቆርኩ፤
የነቀዝ ሬሳና የዓመት አቧራ ወጣ፤ «ይኸው!» አልኩ።
በረዶውን አቅልጬ አስነሳሁት፤
ከዙህር አዛን እስከ አሱር ተኩራራሁ።
በአሱር፣ እንደገና ነጭ።

ያኔ እኔም የጋዙን ጠርሙስ ሰርቄ አየሁት።
አለቃዬ ዘውገ፣ የባቡሩን የሥጋ ፉርጎ ሲያቀዘቅዝ ያረጀ፣
ይህን ቢያይ ፒንሳ ይወረውርብኝ ነበር።

ሚስኪ ነበረች እዚያ፣ ማሽላ የምታበጥር፣
ሻሿ በገለባ የነጣ፣ ወንድ ሲያወራ የማትናገር።
«አቦ፣ ወንፊቱን አየኸው?»
«አይቼዋለሁ፤ ንጹሕ ነው።»
«ፊቱን ነው ያየኸው። እኔ ጀርባውን ነው የምልህ።
በየማታው የማራግፈው እኔ ነኝ፤
ድሮ ገለባው በዚህ በኩል ነበር የሚለጠፈው፣
አሁን በዚያ። ወይ ንፋሱ ከእህሉ ተኳርፏል።»

አንድ ቅንጣት ገለባ ከመዳፏ ለቀቀች፣ ከፋኑ ፊት፤
ወደ እህሉ መሄድ ሲገባው
መጥቶ ቅንድቤ ላይ ዐረፈ፣ እንደ ሽሙጥ፣ እንደ ዘበት።

ሦስት ሽቦ ነው ከምሰሶው የሚገባው፤ ሦስቱም ተራ አላቸው፤
ያቆሙት ልጆች በጨለማ፣ በጭቃ፣ ሁለቱን አቀያየሯቸው።
ኮምፕሬሰሩ ፒስተን ነው፤ ግራም ዞረ ቀኝ ይገፋል፤
ፋኑ ግን ክንፍ ብቻ ነው፤ ሲገለብጡት ይገለበጣል።

ማብሪያውን ጣልኩ። ቀዩን በቢጫው ቦታ፣
ቢጫውን በቀዩ። የፈጀው የአንድ ሲጋራ ፋታ።
ሚስኪ ገለባ ለቀቀች፤ ሄደ።

«ለሁለት ሽቦ ነው ይህ ሁሉ ብር?» አለ ጅብሪል።
«ግማሹ የእሷ ነው» አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ቆጥሬ ሰጠኋት።
ሳታመሰግን በመቀነቷ ቋጠረችው፣ እንደ ውዝፍ ደመወዝ።

ሌሊቱን እዚያው አደርኩ፣ ባዶ ጆንያ ላይ።
በረዶው ረገፈ። ቧንቧው ማላብ ጀመረ፤
ጠብ። ጠብ።
ሊነጋጋ ሲል ሁለተኛው ጀሪካን ሞላ።
ያ ቀርሳ ላይ ያለ ወጉ የወረደ ዝናብ
ይኸው፣ ክዳን ተገጥሞበት፣ በር ሥር ተቀምጧል።
ሚስኪ እየጎተተች ወስዳ ዘይቱኑ ሥር ደፋችው።

እኔ ክንዴን መልሼ ከክምሩ ከተትኩ።
ለብ ያለ ነው፤ ገና።