ምን አጠፋሁ?

ሰኞ ማለዳ ነው፤ ሐይቁ ጉም ለብሷል፤
መብራት ሄዶ መጥቷል፣
ዳታቤዙ ግን ከሄደበት ቀርቷል።
ከካርድ ክፍሉ መስኮት፣ የግቢውን በር አልፎ፣
እስከ ባጃጅ ተራው ሰው ቆሟል ተሰልፎ።
ከፊት ያለችዋ ብርቄ ዳንጊሶ ናት፤
ከቱላ አዝላት የመጣች ልጅ
ትኩሳቷ ጀርባዋን ፈጅቷት።

መዝጋቢው ስሟን ጻፈ፣ የልጇንም ጻፈ፣
አዝራሩን ሲጫን
ቀይ ፊደል ገጹን ሞልቶ ጎረፈ፤
መስመር ሁለት መቶ አሥራ ሁለት፣ የሰንጠረዥ ስም፣
የእኔው የይለፍ ቃል ሳይቀር
እንደታጠበ ልብስ ገመድ ላይ ተሰጥቶ።
መዝጋቢው ከዚያ ሁሉ አንዲት ቃል አወቀ፤
«ስህተት ይላል» አላት።
እሷም አንገቷን ደፋች፦
«ምን አጠፋሁ ልጄ?»

ማታ በስልክ ሲያወራኝ እየሳቀ ነው።
ኮዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አልሳቅኩም።

አፈርኩ። ያፈረ ሰው መሸፈን ይቀናዋል።
በዚያው ሌሊት ስህተት ብቅ ባለ ቁጥር
አፉን አፍኖ የሚውጥ ጥቂት መስመር ጨመርኩ።
ቀዩ ጠፋ። በቦታው አረንጓዴ፣
«ተመዝግቧል»፣
ቢመዘገብም ባይመዘገብም።
ሳምንቱን ሙሉ ተመሰገንኩ።

በሳምንቱ ዓርብ ብርቄ ለቀጠሮ ስትመጣ
ልጅቷ የለችም፤
ከወረቀት የለች፣ ከማሽኑ የለች፣
ክንዷ ላይ ብቻ አለች።
«ተመዝግቧል አላላችሁኝም?»
አሁን አንገቷን አልደፋችም።

አሞራ ገደል ወርጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።
አባ ኮዳ በአንድ እግሩ ቆሞ ጀልባ ይጠብቃል፤
አይጮህ፣ አይለምን።
ዓሣ ሲጣል ይለቅማል፣ ሳይጣል ዝም ይላል፣
ቆየት ብሎ ጠጋ፣ ደግሞ የባሰ ቆየት፣
ጀልባው ከቀረ ክንፉን ዘርግቶ ይሄዳል።
ጠግቤያለሁ ብሎ ሲዋሽ አላየሁትም።

ተነስቼ ጻፍኩ፦
አንኳኳ፣ ጠብቅ፤ ደግመህ አንኳኳ፣ አስረዝመህ ቆይ፤
በሦስተኛው ካልተከፈተ በር አትሰብር፣ ተወው።
ግማሹ ገብቶ ግማሹ ከቀረ፣ የገባውን መልሰህ አውጣ፤
ስም ያለ ልደት፣ ብር ያለ ደረሰኝ
አንድ ሌሊት እንኳ እንዳያድር።
የወደቅክበትን መስመርና ሰዓት ለእኔ ብቻ ንገረኝ፤
እንቅልፍ ላይ ብሆንም ቀስቅሰኝ።
ለእሷ ግን፣ በሲዳምኛም በአማርኛም፦

«ጥፋቱ የኛ ነው፣ የእርስዎ አይደለም።
የነገሩን ገና መዝገብ አልገባም፣ ግን አልጠፋም፤
እዚሁ ይዘነዋል።
ሐኪሙ ጋ ይግቡ፣ ካርዱ ይከተላል።»

ከወር በኋላ መብራት ሄደ፤ መቼስ ይሄዳል።
መዝጋቢው ጽሑፉን ጮክ ብሎ አነበበ።
ከሰልፉ አንድ ሽማግሌ፣ በከዘራቸው ተደግፈው፦
«ዕድሜ ደጉ! ጥፋቴ ነው የሚል መሥሪያ ቤት አየሁ!»
ሰው ሳቀ። ብርቄ ግን ሐኪሙ ጋ ገብታ ነበር።

እኔ ቤቴ ሆኜ ማስታወሻውን አነባለሁ፦
አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት፣ ተንኳኳ፣ መልስ የለም።
አራት ሰዓት ከአሥራ ሦስት፣ ተንኳኳ፣ መልስ የለም።
አራት ሰዓት ከአሥራ ሰባት፣
ኬሬ፣ የብርቄ ልጅ፣ ሁለት ዓመቷ፣
ገባች።