ጎማ ነው

ሥራዬን ብትጠይቁኝ፣ ነጥብ እጠብቃለሁ፤
አጂፕ፣ አንደኛ ፎቅ፣ ስክሪን ፊት አድራለሁ።
ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ሽንብራ ሲቆላ፣
ዘበኛው ታች ሲያንኮራፋ ከበርሜሉ ኋላ፣
አሥራ አራት ነጥብ አያለሁ፣ አረንጓዴ፣
ሲሳቡ፣ ሲቀዳደሙ፣ ሲነካኩ አንዳንዴ።
እያንዳንዱ ነጥብ አራት መቶ ኩንታል ነው፤
ውስጡ ሰው አለበት፣ ስክሪኑ ግን አይለየው።

የዕረፍት ሰሌዳው ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤
አለቃዬ በቀይ እስክሪብቶ ፈርመውበታል፦
«ወልቂጤ። ከንጋቱ አሥራ አንድ። ሠላሳ ደቂቃ።
ከዚያ በፊት የሚቆም የለም፤ በቃ።»
ወልቂጤ ለምን? ማደያው የአማቻቸው።
አሥራ አንድ ለምን? የመንቂያ ሰዓታቸው።

እንቅልፍ ግን ሰሌዳ አያነብም፣ ፊደል አልቆጠረም፤
ሶኮሩ ላይ ይጠብቃል፣ ወልቂጤን አያውቃትም።

አንድ ሌሊት ዘጠነኛው ነጥብ እዚያው ቆመ።
አንድ ደቂቃ። አራት። ሰባት። ቀላ፣ ጮኸ፣ ታመመ።
ደንብ ነውና ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ ሊዘጋ ሲል ተነሣ፤
«ሙንተሃ... ጎማ ነው» አለኝ ነዚፍ አባ ጨብሳ።

ጎማ የሚቀይር ሰው ያለከልካል፣ ይሳደባል፤
ክሪኩ ይንቋቋል፣ ረዳቱ ላይ ይጮኻል።
እኔ የሰማሁት የእንቁራሪት ድምፅ ብቻ፣
እና ትንፋሽ፣ ቀስ ብሎ እንደሚጎድል ስልቻ።

አባቴ ሹፌር ነበር። ቤቱ ተኝቶ እንኳ
ቀኝ እግሩ ፍሬን ፍለጋ ፍራሹን ይረግጠዋል።
እናቴ በጆሮው «ደርሰሃል» ትለዋለች፤
ያኔ ይተዋል።

መዝገቡን ገለጥኩ፤ «ምክንያት» ከሚለው ሥር
«ጎማ፣ አርባ ደቂቃ» ጻፍኩ፤ ከታች ፊርማ፣ ከጎን ቁጥር።

ሹፌር ለሹፌር ነገረ መሰለኝ፤
በማግስቱ አራተኛው፣ ከዚያ አሥራ አንደኛው ደወለልኝ።
አሰንዳቦ ጎማ፣ ሰርቦ ጎማ፣ አባልቲ ጎማ፤
ይህን ያህል ጎማ ፈንድቶ አንድም ድምፅ አልተሰማ።

ወሩ ሲያልቅ አለቃዬ መዝገቡን አገላበጡ፤
መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ተቆጡ፦
«መንገዱ ነው ጎማ የሚበላው? ወይስ ይሸጡታል?»
ዝም አልኩ። ሻዬ ቀዝቅዟል።

ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህን ልመስክር።
ልጄ የታመመች ቀን ሐኪም ቤት ያደረሰን የእሳቸው መኪና ነበር።
አሰቡ፤ አሰቡና፣ እንደ አባት፣ ከልባቸው፣
ለአሥራ አራቱም አዲስ ጎማ ገዙላቸው።
ሦስት መቶ ስምንት ጎማ! ጥቁር፣ ገና ፀጉሩ ያልረገፈ፤
ግቢው ሞላ፤ ሽታው ከአጂፕ አልፎ አዌቱን ተሻግሮ ከነፈ።
ሹፌሮቹን አሰለፉ፤ «እህ፣ ከእንግዲህስ ምን ቀራችሁ?»
ሁሉም መሬት አየ፤ አንዱ ብቻ፣ «እግዜር ይስጥዎ፣ ጌታችን፣ ይስጣችሁ።»
ነዚፍ አንዱን ጎማ እንደ ጥጃ ዳበሰና፣
«የደከመውንስ የት ይጥሉታል?» አለ፣ እንደ ዋዛ።
መልስ የሰጠው የለም።

ያን ማታ ጭነት ነበር። ዝናብም ነበር።
ስምንት ሰዓት ላይ ዘጠነኛው ነጥብ ቆመ፤
ሶኮሩ፤ ያችው ዛፍ ሥር ይመስለኛል።
ቀላ።
ደወልኩ። አነሣ። እሱም ቃል የለው፣ እኔም፤
ከሦስት መቶ ስምንት አዲስ ጎማ በኋላ
አንድ ሰው «ደከመኝ» ለማለት ምን ይላል?
«ነዚፍ» አልኩ፤ «ምን ብዬ ልጻፍ?»
ስልኩ ክፍት ነው፣ እሱ የለም፤ እንቁራሪቱ ይጮኻል።
እስክሪብቶዬን አነሣሁ፤
«ራዲያተር» ብዬ ጻፍኩ። እስኪበርድ ይጠበቃል።