ሰባት ቁጥር

የኔ ፈረቃ ቀን ነው፤ ሌሊቱን የማውቀው በሪፖርት፣
ጠዋት ሁለት ሰዓት ገብቼ ኮምፒውተሩን ስከፍት።
ጋሽ ሸዋንግዛው ሲዞር ያደረውን፣ ደረጃ በደረጃ፣
በቁጥር ተጽፎ አገኘዋለሁ፣ እንደ ክስ ማስረጃ።

ዐሥራ ሁለት ናቸው ምልክቶቹ፤ እኔው ነኝ የለጠፍኳቸው፣
የሳንቲም ያህል ስፋት፣ የወረቀት ያህል ውፍረት አላቸው።
ባትሪ የላቸው፣ ገመድ የላቸው፤ ዓመት ዝም ይላሉ፣
ስልኩ አራት ጣት ሲቀርባቸው ብቻ ስማቸውን ይናገራሉ።
ከስልኩ በተበደሩት ትንፋሽ ያችኑ አንድ ቃል ብለው፣
ተመልሰው ዝም፤ ብድሩን እዚያው በዚያው ከፍለው።

"እንዲህ ነው?" አለኝ ባስተማርኩት ቀን፣ ግንቡን በስልኩ አሳልሞ፣
"ጥሩ ነው፤ መምጣቴን እንጂ ማንቀላፋቴን አይናገርም ደግሞ።"

አምስተኛው የብረት በር ላይ ነው፤ ብረት ቃል ይውጣል፣
ስልኩ ቢጠጋ፣ ቢታሽ፣ ምልክቱ ምን ተዳው፣ ዝም ይላል።
ሁለት ሌሊት "አምስት አልተጎበኘም" አለ ሪፖርቱ በቀይ፣
ምን ነካው ብዬ በሦስተኛው ቀን ወርጄ ሳይ፣
የአሮጌ ጫማ ሶል ቆርጦ ከሥሩ ለጥፎበታል።
"ከግትር ጋር ስትነጋገሪ" አለኝ፣ "መሐል ገላጋይ ይገባል።"

ደብረ ብርሃን ጥቅምት ገባ፤ "በጥቅምት አንድ አጥንት" ያሰኘው፣
የበሬሳን ውኃ ዳር ዳሩን መስታወት ያስመሰለው።
አንድ ጠዋት ሪፖርቱ ታመመ።
"ሰባት" ይላል፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሁለት፤ "ሰባት" ይላል፣ ከሦስት፤
ሰባት፣ ሰባት፣ ሰባት፣ ሰባት። ቆጠርኩት፤ ሰማንያ ስድስት።
በማግስቱም እንዲሁ። አለቃዬ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣
"ወይ ዕቃው ተበላሽቷል ወይ ሰውየው፤ አጣሪ" አለኝ፣ ቁልፉን አንጠልጥሎ።

ጋቢ ላይ ጃኬት ደርቤ በዚያው ሌሊት ወረድኩ፣
ትንፋሼ ፊት ፊቴ እየሄደ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ።
ሰባት ያለው ከማቅለሚያው ጀርባ፣ ከቦይለሩ ግድግዳ ነው፣
ቀን የፈላው ውኃ ሙቀቱን ለጡቡ ያወረሰው።
እዚያ ቆሟል ጋሽ ሸዋንግዛው፣ ጀርባውን ለጡቡ ሰጥቶ፣
ዱላው በብብቱ ተይዞ፣ ዐይኑ አጥሩ ላይ በርቶ፣
ሌሊቱን ሙሉ እንዳይተኛ ያዘዝነው ስልክ በኋላ ኪሱ።

አልተኛም።
ይንቀጠቀጣል።
በተንቀጠቀጠ ቁጥር ኪሱ ግድግዳውን ነካ ለቀቅ፣
ነካ ለቀቅ ሲያደርግ፣ "ሰባት" ይላል ምልክቱ፣ ሳይሳቀቅ።
ያ ሁሉ ስሕተት ያልነው ቁጥር፣ ያ ገጽ ሙሉ ዝብርቅርቅ፣
የአንድ ሰው ብርድ ነበር።

ከግድግዳው ማዶ መጋዘኑ፣ ዐሥር ሺህ ብርድ ልብስ ታጥፎ፣
በላስቲክ ታሽጎ ተኝቷል፣ ለገበያ ተሰልፎ።

"ማነህ!" አለ።
"እኔ ነኝ፣ የሺመቤት።"
"በዚህ ሌሊት? ነይ፣ እዚህ ጋ ይሞቃል" ብሎ ፈቀቅ አለልኝ፣
ጡቡ እንደ ላም ሆድ ለብ ያለ ነው፤ ተደገፍኩ፣ ሞቀኝ።
ስለ ሪፖርቱ ልጠይቀው አፌን ስከፍት፣
የኔም ስልክ በጃኬቴ ኪስ ጢው አለች። ሰባት።
ሳቀ። ጥርሱ ከጥርሱ እየተጋጨ ሳቀ።

በነጋታው በገጹ ላይ ሁለት ስሞች ሰባትን ይዘው አደሩ።
አለቃዬ "ምን አገኘሽ?" አለኝ፣ ቆሞ ከበሩ።
ማስታወሻ ከሚለው ሣጥን ውስጥ ጻፍኩለት፦
"ዕቃው ጤነኛ ነው። ሰውየው በርዶታል። ካፖርት ይገዛለት።"

ካፖርቱ እስከ ኅዳር ማብቂያ "በሂደት ላይ" ነው።
እኔ ግን አንድ ምሳ ሰዓት፣ ግቢው ጭር ሲል፣
ስምንትን በወንዙ በኩል ካለው አጥር ነቀልኩት፣
በሙጫ፣ ከሰባት ጎን፣ ከሞቀው ጡብ ላይ ለጠፍኩት፣
አራት ጣት ለክቼ።